የሀያት አራተኛ ክፍል

ልጄ ራህማ «አባ፣ ዩኒቨርሲቲውን ትቼ አንተ ጋ ልመጣ ነው» ብላ የደወለችልኝ ረቡዕ ጠዋት ነበር። መልሴን የፈለገችው ለዓርብ ነው፤ ቅዳሜ ደሴ ላይ ከደላላ ጋር ቀጠሮ ይዛለች። ሦስተኛ ዓመቷን ጨርሳ የቀራት አንድ ዓመት ብቻ ነበር። በእነዚያ ሦስት ቀናት የሆነውን ከራህማ በቀር ለማንም በቅጡ አውርቼው አላውቅም። አሁን ጊዜም አለኝ፣ ዕድሜዬም ሄዷል፤ ቀስ ብዬ ላውጋችሁ።

በዚያን ጊዜ ጅዳ ውስጥ የቤት ሹፌር ነበርኩ። ስሜ ይመር ነው። ዓረቦቹ ይመር ማለት ስለሚከብዳቸው ዑመር ይሉኛል፤ ሲያከብሩኝ ደግሞ «ያ ዓም ዑመር»፣ አጎቴ ዑመር እንደ ማለት። ማዳምን ገበያ፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት፣ ባሏን ኤርፖርት ሳደርስና ስመልስ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። በሩ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል የእኔ ናት። ዘመኑ ከአገር ቤት ሴቶች ልጆች አውሮፕላን ሞልተው የሚጎርፉበት ነበር። ከእኛ ቀበሌ ሴት ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ አንዷን ልኳል ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ራህማ በስልክ ያለችኝ እንዲህ ነው።

«ዲግሪ ይዘው የወጡት ምን እየሠሩ እንደሆነ ታውቃለህ አባ? ድንጋይ ነው የሚጠርቡት። ባለፈው ዓመት የምረቃ ጋውን ለብሶ ፎቶ ሲነሳ ያየሁት ልጅ ዛሬ መዶሻ ይዞ ኮብልስቶን ላይ ተቀምጧል።»

«ድንጋይ መጥረብም እኮ ሥራ ነው ልጄ።»

«ነው። ግን ድንጋይ ለመጥረብ አራት ዓመት ምን ያስቀምጠኛል? የጎረቤታችን ዘሀራ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ለእናቷ የቆርቆሮ ቤት ሠራችላት። እኔ እስከ ዛሬ ካንተ ኪስ ነው የምበላው።»

ምን ልመልስላት? እውነቷን ነው። ነገሩን ይበልጥ ያከበደው ደግሞ ላመጣት መቻሌ ነበር። መካ ዑተይቢያ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የምትኖረው የማዳም እናት ሠራተኛዋ አገሯ ገብታባታለች። ማዳም አንድ ቪዛ በእጇ አለ። ያሰበችው የራሷን ሠራተኛ ሀያትን ለእናቷ ልካ፣ በሀያት ቦታ አዲስ ልጅ ማስመጣት ነው። ከሳምንት በፊት መኪና ውስጥ እንዲህ አለችኝ፦

«ሴት ልጅ አለችህ አይደል ያ ዑመር? ከሩቅ የማላውቃትን ከማመጣ ያንተን ላምጣት። ከፊሏ እኛ፣ አባቷ በር ላይ። ከዚህ የተሻለ ምን አለ?»

ከፊል ማለት ሠራተኛዋን በስሙ የሚያስመጣው አሠሪ ነው። ልጇን የማያውቃት ሰው ቤት ልካ ስልክ ስትጠብቅ የምታድር እናት ስንት አለች፤ ለእኔ ግን ልጄ ዓይኔ ሥር ልትሆን ነው። ለምን እዋሻለሁ፣ ልቤ ዘንበል ብሎ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወደ መካ ተነሣን። ማዳም ከኋላ ተቀመጠች፤ ሀያት ከጎኗ ሻንጣዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ሀያት ከወራቤ አካባቢ የመጣች ልጅ ናት፤ እኛ ቤት ከገባች አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆኗታል። ንግግሯ ጥቂት፣ እጇ ፈጣን ነው። የማዳም ልጆች ሲያማቸው ከእናታቸው በፊት የሚጠሩት እሷን ነበር። ጠዋት ሲሰናበቷት ትንሿ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ አልለቅም ብላ ነበር።

ማዳም መኪና ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል። የከተማው ሕንፃ አልቆ ባዶው መሬት ሲጀምር አንገቷ ዘንበል አለ።

«ጋሽ ይመር፣ ዛሬ ዝም አሉ» አለችኝ ሀያት በመስታወቱ እያየችኝ።

የራህማን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት።

«እርስዎ ምን አሰቡ?» አለች።

«እኔማ ምን አውቄ። ዩኒቨርሲቲ እኮ በሩ ላይ እንኳ ቆሜ አላውቅም። ግን አንቺን አያለሁ። ሳትማሪ እንዴት ያለሽ ሰው ነሽ። ሥራሽ ንጹሕ፣ ነገርሽ ንጹሕ። ታዲያ ሰው ባይማር ምን ይቀርበታል እላለሁ።»

ሀያት ወደ ጎን ዞረች። ማዳምን ጎንበስ ብላ አየቻት፤ እንደተኛች አረጋገጠች።

«እኔ ዲግሪ አለኝ» አለች።

ሳቅኩ። «አትቀልጂ ልጄ።»

«ወላሂ። በጂኦግራፊ። ከተመረቅሁ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

ከኋላዬ የነበረው መኪና ጥሩምባ ነፋብኝ። ሳይታወቀኝ ፍጥነት ቀንሼ ኖሯል።

«እና ለምን ደበቅሽው?»

«ደላላው ነው። የተማረች ሴት አይወስዱም፤ ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች ይላሉ፤ ዝም ብለሽ ፈርሚ አለኝ። ቅጹ ላይ አራተኛ ክፍል ብሎ ሞላልኝ። አብረውኝ የመጡት ሦስቱም ዲግሪ ነበራቸው። ሁላችንም አራተኛ ክፍል ሆነን መጣን።»

«አራታችሁም?»

«አንዷ ቢያንስ አምስተኛ በለኝ ብላ ለምናው ነበር» አለችና ሳቀች። «እምቢ አላት።»

ጂኦግራፊ ስለ አገርና ስለ መሬት እንደሆነ ከራህማ ሰምቼ ነበር። ከፊታችን ያለውን ጥቁር ተራራ በአገጬ አሳየኋት።

«ያንን ተራራ ታውቂዋለሽ?»

«ስሙን አላውቀውም።»

«ታዲያ ምኑን ተማርሽው?»

እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች፤ ማዳም ተንቀሳቀሰች፣ ሁለታችንም ዝም አልን። ማዳም መልሳ ስትተኛ ሀያት ቀስ ብላ ቀጠለች።

«የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በእኛ ወረዳ ምንጮች ላይ ነው፤ ለምን ይደርቃሉ የሚል። አገሩ ሁሉ ባሕር ዛፉ ነው የጠጣቸው ይላል። እኔም እንደዚያው ልጽፍ ነበር የወጣሁት። በእግሬ እየዞርኩ አንድ በአንድ ሳያቸው ባሕር ዛፍ የሌለበትም ደርቋል፤ ያለበትም የሚፈስ አለ።»

«እና ማን አደረቃቸው?»

«የአንዳንዶቹን አወቅሁ። የሁሉንም አላውቅም። ከዚያ ሦስት መምህራን ፊታቸው አቁመው ያፋጥጡኝ ጀመር። ዲፌንስ ይሉታል። ይህን ማን ነገረሽ? አይተሻል ወይስ ሰምተሻል? ካላየሽ ለምን ጻፍሽ? አንደኛው ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ማልቀስ አይቻልም፤ መቆጣትም አይቻልም። ያየሁትን አይቻለሁ፣ የሰማሁትን ሰምቻለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም ብዬ ወጣሁ።»

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለግሁ። ከዚያ የማዳምን ምንጣፍ አጠብኩ።»

ሻንጣዋን አስተካክላ ያዘች። እኔ ግን በልቤ ነገሩ አለቀ። ይኸው መልሱ አልኩ። ይህች ልጅ ተራራ ለተራራ ዞራ፣ ሦስት መምህር ፊት ቆማ፣ መጨረሻዋ ከዘሀራ ጋር አንድ መጥረጊያ ከሆነ ራህማን አንድ ዓመት ማስቀመጥ ምን ያደርጋል? ትምጣ፤ ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

«ጋሽ ይመር፣» አለች ኬላው ላይ ስንደርስ፣ «ለማዳም እንዳይነግሩብኝ።»

«እኔ? ምን በወጣኝ» አልኳት።

ዑተይቢያ ያረጀ ሰፈር ነው። መንገዱ ጠባብ፣ መኪናው በላይ በላዩ የቆመ፣ ከሕንፃው ሥር ሱቅ የተደረደረበት። የማዳም እናት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። የሀያትን ሻንጣ ይዤ ወጣሁ። አሮጊቷን ሁላችንም ሐጃ እንላታለን። መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ መቁጠሪያዋን ትገፋለች። ሀያት ጎንበስ ብላ ራሷን ሳመቻት። ሐጃ ጉንጯን ይዛ አየቻትና «ቀጭን ናት፣ ታነሣኛለች?» አለች። ሀያት መልስ ሳትሰጥ በብብቷ ሥር ገብታ ቀስ አድርጋ አነሣቻት፤ መታጠቢያ ቤት ወስዳ አስታጠበቻት። ሐጃ የቀትሩን ሶላት ሰግዳ ስትጨርስ «ጎበዝ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ዐስር የሚባለው ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ የማዳም ወንድም ባባ ኻሊድ መጣ። በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀትና የማኅተም ቀለም ይዟል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኩሎ የሚኖር ሰው ነው። ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ማዳም አጠገቡ፤ ሐጃ ከታች ፍራሿ ላይ። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ፤ ሀያትን መሀል ላይ ጠሯት።

«የላ፣ ያ ዑመር፣ አስረዳትና አውራ ጣቷን ታሳርፍ። ካሁን ጀምሮ ከፊሏ እኔ ነኝ።»

እኔም በአማርኛ «ከማዳም ወደ ወንድሟ የሚያዛውርሽ ነው፤ ጣትሽን አድርጊና እንገላገል» አልኳት። ይህን ያልኩት ተንኮል አስቤ አይደለም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በቀረበለት ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ያላሳረፈ የአገሬ ሰው አላየሁም። እኔ ራሴ ስንቱ ላይ እንዳሳረፍኩ አላስታውስም፤ ምን ይላል ብዬም አላውቅ።

«ላንብበው?» አለች ሀያት።

ባባ ኻሊድ ሳቀ። «ምኑን ታነበዋለች? አራተኛ ክፍል አይደለችም?»

ወረቀቱ ግማሹ ዓረብኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነበር። ተቀበለችና እንግሊዝኛውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አልቸኮለችም። ገልብጣ ጀርባውንም አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሽ ይመር፣ ዛሬ ካሳረፍኩበት ቀን ጀምሮ አዲስ ሁለት ዓመት ነው የሚለው። እኔ የቀረኝ አምስት ወር ነው። እናቴን ሁለት ዓመት ብያት ነው የወጣሁት። አላሳርፍም ብለው ይንገሩልኝ። በትሕትና።»

አለሳልሼ ተረጎምኩት። «ትንሽ ልታስብበት ትፈልጋለች» ነው ያልኩት። እሷ ግን የወጥ ቤት ዓረብኛዋ ለዚያ ይበቃት ነበርና ራሷን ነቀነቀች። «ላእ። አምስት ወር ብቻ» አለች።

የባባ ኻሊድ ፊት ተለወጠ። «ሁሉም ያሳድሳል፤ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ማን ነው ያስተማራት? አንተ ነህ?»

ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። የእኔም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደሰው በእነሱ ቤት ነው። ስለፈራሁ አፌ ቀደመኝ።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም ያ ባባ። ልጅቷ ጃሚዓ የጨረሰች ናት።»

ጃሚዓ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያንን ስናገር ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ዲግሪ ያላት መሆኗን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ብድግ የሚሉላት መስሎኝ ነበር። እኔ ለዲግሪ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ማዳም የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ጃሚዓ?» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ወር ልጆቼን አምኜ ሰጥቻታለሁ። ወረቀቷ አራተኛ ክፍል ይላል። ሌላስ ምን ዋሽታኛለች? ስሟስ ስሟ ነው?»

«ኸላስ፣ በቃ» አለ ባባ ኻሊድ። «ነገ ወደ መክተቡ ትመለስ።»

መክተብ ሠራተኛ የሚያስመጣው ቢሮ ነው። ወደዚያ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ተደርድረው ቤት ይጠብቃሉ፤ የሄደው ጊዜ ሄዶ፣ ሌላ ማዳም፣ ሌላ ሁለት ዓመት። ሀያት አየችኝ። የተቆጣች አትመስልም፤ ዝም ብላ አየችኝ። እኔ ዓይኔን ወደ ምንጣፉ አወረድኩ።

«ልናገር?» አለቻቸው በዓረብኛ። መልስ የሰጣት የለም፤ አትናገሪ ያላትም የለም። ወደ እኔ ዞረች።

«እንዳለ ይተርጉሙልኝ። እባክዎ፣ አንዱንም አያለሳልሱት።»

እጇን ከፊቷ አጣምራ ቆመች።

«ቅጹ ላይ አራተኛ ክፍል የሚለው ውሸት ነው። የጻፈው ደላላው ነው፤ የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ውሸቱ የእኔም ነው። ማዳምን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ተረጎምኩ። ባባ ኻሊድ እጁን ዘርግቶ እህቱን አያት፤ ይኸው አመነች እንደ ማለት።

«ስሜ ሀያት ነው፤ ፓስፖርቴ ላይ ያለው ነው። ዕድሜዬም እውነት ነው። ዲግሪዬን በመደበቄ በልጆቹ ላይ ወይ በቤቱ ላይ የደረሰ ነገር ካለ ማዳም ትናገር፤ እኔ ያየሁት የለም።»

ተረጎምኩ። ማዳም የጣቷን ቀለበት ታዞራለች። 

«ሁለት ዓመት ብዬ መፈረሜ ደግሞ እውነት ነው፤ ቀኑንም አውቀዋለሁ። መክተቡ ለእናንተ ምን እንደነገራችሁ አልሰማሁም፤ ስለዚያ አላውቅም። አምስቱን ወር ሐጃን በደንብ አገለግላለሁ። ከዚያ በኋላ ቃሌ ያለው እናቴ ጋ ነው።»

«እሺ፣ ካላደረግሽ አሁኑኑ እመልስሻለሁ ብልሽስ?» አላት ባባ ኻሊድ። ድምፁ ከፍ ብሏል።

«ሊመልሱኝ ይችላሉ» አለች። «አይችሉም አላልኩም። እኔ የምለው ጣቴን አላሳርፍም ነው።»

ድምፅዋ ያው የጠዋቱ ድምፅ ነው፤ አልጨመረም አልቀነሰም። የጥቁሩ ዓባያዋ ጫፍ ግን ይርገበገብ ነበር። ማራገቢያው ነው ብዬ አየሁ፤ ማራገቢያው ጠፍቷል። ጉልበቷ ነው። ሦስት ሰው ተቀምጦ፣ እሷ ቆማ፣ ጉልበቷ እየራደ፣ ቃሏ ግን አንድ በአንድ ተለቅሞ ይወጣል። ጠዋት መኪና ውስጥ «ምኑን ተማርሽው?» ብዬ የቀለድኩት ትዝ አለኝና አፈርኩ።

የሐጃ መቁጠሪያ ቆመ።

«ኻሊድ፣ ወረቀቱን ወዲያ አድርገው» አለች።

«እማ፣ ይህ አንቺን አይመለከትም፣ አይገባሽም።»

«አይገባኝም። ማንበብ መች አውቄ። አባቴ የሞተ ጊዜ ወንድሞቼ ወረቀት አምጥተው አውራ ጣቴን ይዘው አስቀመጡት። ምን እንደሚል አልጠየቅኩም። ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም።»

መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«የዋሸችውን ራሷ ለይታ ሰጠችን። አምስት ወር ትቀመጥልኝ» አለች ሐጃ። «አምስት ወርም እኔ ከኖርኩ ነው።»

ባባ ኻሊድ ወረቀቱን መልሶ ላስቲኩ ውስጥ ከተተ። «እናያለን» ብሎ ወጣ። ማዳም እናቷን ሳመች፤ ሀያትን ሳትሰናበት ወረደች። ቂም ነበር ወይስ እፍረት፣ አላውቅም።

እኔ ደረጃው ላይ ወደ ኋላ ቀረሁ። ሀያት በሩን ልትዘጋ መጣች።

«አደራሽን በላሁ» አልኳት።

«በሉብኝ። ለምን ነገሯቸው?»

«ግማሹ ኩራት ነው፤ ግማሹ ፍርሃት።»

ትንሽ አሰበች። «ግማሹን ይቅር ብያለሁ። የትኛውን እንደሆነ አልነግርዎትም» አለችና ቀስ ብላ ዘጋችው።

ወደ ጅዳ ስንመለስ ፀሐይዋ ከፊታችን እየወረደች ነበር። ማዳም አልተኛችም። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ተናገረች።

«ያ ዑመር፣ ያንተ ልጅ ስንተኛ ክፍል ናት?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ ግን አልሆነልኝም። «ጃሚዓ ናት። ሦስት ዓመት ጨርሳለች» አልኩ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች፤ የሰማችኝም አልመሰለኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ያንተ ልጅ ከሆነች ግድ የለም። ብቻ ወረቀቷ ላይ አራተኛ ክፍል በሉ፤ ወንድሜ እንዳይጨነቅ። እኔና አንተ እናውቃለን፣ ይበቃል።»

ይህን ያለችው በደግነት ነው። ውለታ ልትውልልኝ ነው። እኔ ግን መሪውን ይዤ የማስበው ሌላ ነበር። አራተኛ ክፍል የእኔ ነው። እኔ ከትምህርት የወጣሁት ከአራተኛ ክፍል ነው። አባቴ ሲሞት ደብተሬን አጥፌ ከጭነት መኪና ረዳትነት ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ አስፋልት ለአስፋልት የኖርኩት ልጄ እኔ ከቆምኩበት እንድታልፍ ነው፤ አልፋለችም። አሁን በገዛ አፌ ለደላላ «አራተኛ በላት» ብዬ፣ ያለፈችውን ሁሉ ሰርዤ፣ አምጥቼ አጠገቤ ላቆማት ነው። የሚገርመው፣ ልጄ ሰው ቤት ምንጣፍ ልታጥብ መሆኗን ሳስብ ልቤ ይህን ያህል አልከበደውም ነበር። ሥራ ነውር የለውም፤ እኔም ሠርቻለሁ። ያች ቃል ግን አልዋጥ አለችኝ።

«እስከ ነገ ላስብበት» አልኳት ማዳምን።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንደ ልማዴ በኒ ማሊክ የሚባለው ሰፈር የአገሬ ልጆች ወደተከራዩት ክፍል ሄድኩ። አብሮ አደጌ ሰይድ ነገሩን ሰምቶ ሳቀብኝ።

«ቪዛ በእጁ ይዞ የሚያስብ ሰው ዛሬ አየሁ» አለ። «ሰው መሬቱን ሸጦ ልጁን ይልካል። አንተ ማን ነኝ ብለህ ነው ይመር?»

«እሱን ነው የማስበው» አልኩትና ስልኬን ይዤ ደረጃው ላይ ወጣሁ።

«አባ፣ ወሰንክ?» አለች ራህማ። ስትጠብቅ እንደነበረች ድምፅዋ ያስታውቃል።

«ወስኛለሁ። መጀመሪያ ግን ትናንት ያየሁትን ልንገርሽ።»

ለእናንተ እንደነገርኳችሁ ነገርኳት፤ አደራ መብላቴንም አልደበቅኩም። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«ታዲያ እሷም እኮ መጨረሻዋ ሠራተኛ ነው» አለች።

«ነው።»

«ዲግሪው ከዚያ አላወጣትም።»

«አላወጣትም።»

«እና እኔ ብጨርስ ሥራ አገኛለሁ?»

አባት በልጁ እንዲህ ሲጠየቅ «ታገኛለሽ ኢንሻአላህ» ነው የሚለው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም ልጄ» አልኳት። «ታገኛለሽ ብዬ አልዋሽሽም። የማውቀው ያየሁትን ነው። ያች ልጅ ስትቆም አየሁ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ ቆሜ አላውቅም። ብትመጪ ደግሞ አራተኛ ክፍል ብዬ የማስጽፍሽ እኔው አባትሽ ነኝ። እሱን አላደርገውም። ቪዛውን እምቢ እላለሁ።»

 የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«ነገ ደላላውን ምን ልበለው?» አለች በመጨረሻ።

«አባቴ እምቢ አለ በይው። ሁሉን በእኔ አድርጊው።»

«እንደዚያ አልልም» አለች። «እኔ ነኝ የቀረሁት እለዋለሁ።»

ቅዳሜ ለማዳም ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ «አንተ ታውቃለህ» አለች። ከመክተቡ ሌላ ልጅ መጣች። ከኤርፖርት ሳመጣት «የት ድረስ ተምረሻል?» ብላት መንገዱን እያየች «አራተኛ» አለችኝ። «እሺ ልጄ» አልኳት።

የሀያት አምስት ወር ስድስት ሆነ፤ ቲኬቱ ዘግይቶባት። ባባ ኻሊድ ሌላ ወረቀት አላመጣም። ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሐጃ የራሷን መቁጠሪያ ሰጥታ ሸኝታታለች። አገሯ ከገባች በኋላ አንድ ጊዜ ደውላ እናቷ ጋ መሆኗን ነገረችኝ። ከዚያ የእኔ ስልክ ተቀየረና ተጠፋፋን። ሥራ አግኝታ እንደሆነ አላውቅም።

አንባቢዎቼ፣ መጨረሻዬን አሳምሬ ልነግራችሁ አልፈልግም። ራህማ ተመረቀች፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እናቷ በስልክ «ያን ጊዜ ብትወስዳት ኖሮ» ያላለችኝ ወር የለም። ቤታችን እስከ ዛሬ ያው የጭቃ ቤት ነው። እኔም ካሰብኩት አራት ዓመት ጨምሬ፣ ዓይኔ መንገዱን እምቢ እስኪለኝ ነዳሁ። አሁን ራህማ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። አሥረኛ ክፍል የጨረሰም የሚሠራው ሥራ ነው ይላሉ። ይሆናል። ዲግሪ እንጀራ ነው ብሎ ልጁን የሚያስተምር አባት ካለ፣ እኔ ያየሁት እንደዚያ አይደለም፤ ልጁም አንድ ቀን ትታዘበዋለች። እኔ ያየሁት አንዲት ልጅ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ቃሏ ሳይንቀጠቀጥ መቆሟን ነው። ያ ነገር ከዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው የሚገኘው? እሱንም አላውቅም። ሐጃ ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። ሀያት ግን ኤርፖርት ሳደርሳት ከዚያ ነው ያገኘሁት ብላኛለች፤ አምናታለሁ።

ባለፈው ረመዳን ካፈጠርን በኋላ ከራህማ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጠየቅኳት።

«ያን ጊዜ ወደ ጅዳ ስላልወሰድኩሽ ታዝኚብኛለሽ ልጄ?»

 የያዘችውን ቴምር ፍሬውን አወጣችና ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

«እሱን ማወቅ አልችልም አባ» አለችኝ። «ጅዳ የሄደችውን ራህማ አግኝቻት አላውቅም።»